የሻሼ ዝውውር

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ አቶ ከፍያለው ድመት የሚጠሉ ሰው አለመሆናቸው ነው። እሳቸው የሚጠሉት ጥገኝነትን ነው። ሻሼን ከቤት ያስወጧትም በክፋት ሳይሆን በመርህ ነበር፤ መርህ ደግሞ፣ ራሳቸው በየስብሰባው እንደሚናገሩት፣ ዝናብ መጣ፣ ብርድ መጣ ተብሎ የሚታጠፍ ነገር አይደለም። ዝናቡና ብርዱ ግን መጥተው ነበር። ወሩ ሐምሌ፣ ከተማውም ገደብ ነበርና።

ገደብን በሐምሌ ላላየ ሰው፣ በር ሲከፈት ጉሙ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት የሚገባበት፣ ሰኞ የተሰቀለ ካልሲ እሑድም ውሃ የሚያንጠባጥብበት ከተማ ነው ማለት ይበቃል። አቶ ከፍያለው በዚህ ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ብዙ ክረምት አሳልፈዋል። በእነዚያ ክረምቶች ሁሉ ከእግዚአብሔርም ከበላይ አካልም የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ዲላ መዛወር። ዲላ ይሞቃል። ዲላ ሰው በሸሚዝ ይውላል። ዲላ ጉልበት አያምም።

በዚያ ዓመት ደግሞ ልመናቸው ሊሰማ የተቃረበ መሰለ። የዲላው ዋና መጋዘን ኃላፊ ከቦታቸው ተነሱ። ያስነሷቸው አይጦች ናቸው። ለበዓል በተሠራው ትልቅ ባነር ላይ «በላቀ ቁርጠኝነት» ከተጻፈበት ቁርጠኝነቱን በልተው «በላቀ»ን ብቻ ለመሥሪያ ቤቱ ተዉለት። ቦታው ክፍት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የዲላው አለቃ አቶ ሠረቀብርሃን ገደብ ድረስ መጥተው፣ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን የአመለካከት ለውጥ ሥልጠና ከቢሮ አልፎ እስከ ጓዳው ያወረደ አንድ አርአያ ሠራተኛ በቤቱ እንደሚጎበኙ ተነገረ። አርአያ እንዲሆኑ የተመረጡት አቶ ከፍያለው ናቸው። ምርጫው በጥብቅ መስፈርት የተካሄደ ነበር፤ ቤታቸው ለዋናው መንገድ ቅርብ ስለሆነ መኪና ጭቃ አይዘውም።

አቶ ከፍያለው ያን ዕለት ከሥራ ሲመለሱ ቤታቸውን በአዲስ ዓይን አዩት። ባለቤታቸው ሸዋአለም ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ሱቋ ሂሳቧን ዘግታ ገብታለች። አማታቸው እማማ አትጠገብ አልጋቸው ላይ ናቸው። በእማማ አትጠገብ እግር ላይ ደግሞ ሻሼ፣ አናቷ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች የምትመስለው ግራጫ ድመት፣ ተጠቅልላ ተኝታለች። እማማ ቁርጥማት አለባቸው፤ እሷ እግራቸው ላይ ካልሆነች እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። ይህ ሁሉ ለዓመታት የነበረ ነገር ነው። አሁን ግን ስም ተገኘለት።

«ቁጭ በሉ፣ ግምገማ አለን» አሉ አቶ ከፍያለው።

«የት?» አለች ሸዋአለም።

«እዚሁ። አጀንዳ አንድ፣ በቤታችን የሚታይ የጥገኝነት አመለካከት።»

«አጀንዳ ሁለትስ?»

«የለም።»

«ታዲያ አንድ ምን አስባለህ? አጀንዳ ብቻ አትልም?»

አቶ ከፍያለው ይህን አስተያየት በትዕግሥት አለፉት። ሥልጠናው ላይ ተቃውሞ መኖሩ የውይይቱን ጤናማነት እንደሚያሳይ ተነግሯቸዋል።

«ሻሼ በዚህ ዓመት ስንት አይጥ ያዘች?»

«እዚህ ቤት አይጥ የለማ!»

«ይኸው! አይጥ በሌለበት ድመት በምግብና በሙቀት ትቀለባለች። ይሄ ምን ይባላል?»

«አይጥ የጠፋው እሷ ስላለች ነዋ፣ አንተ ሰው!»

«ስሜታዊ አስተያየት ነው፤ ተይዟል። አሁን ግለ ሂስ እንድታደርግ ዕድል እንስጣት።»

ሻሼ ዕድሉ ተሰጣት። ግራና ቀኝ አየች፣ የፊት እግሯን ላሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ከፍያለውም ተሳታፊዋ ድክመቷን ያለ ማንገራገር መቀበሏን ለቤቱ አበሠሩ። ከነገ ጀምሮ ውጭ እንድትኖር አቅጣጫ ተቀመጠ።

«በዚህ ብርድ?» አለች ሸዋአለም። «እግዜርን አትፈራም?»

«ብርድ ራሱ አመለካከት ነው።»

ይህን ሲሉ ሁለት ሹራብ ለብሰው፣ በላዩ ካፖርት፣ ከካፖርቱ በላይ ጋቢ ደርበው ነበር። አመለካከት የውስጥ ነገር ስለሆነ ከላይ አይታይም።

እማማ አትጠገብ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። «ከፍያለው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እኔም እኮ አይጥ ይዤ አላውቅም። አብሬያት ልውጣ?»

«ኧረ እማማ! እርስዎን አይመለከትም።»

«እሺ እግሬስ?»

«እግርዎ በሂደት ይለምዳል።»

ሻሼ ግን ሜዳ ላይ አልተጣለችም። አቶ ከፍያለው ፍትሐዊ ሰው ናቸውና ከሱቁ የብስኩት ካርቶን አምጥተው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በጎኑ አጋደሙላት፤ ራሱን የቻለ መኖሪያ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ካርቶኑን ግማሹን ገንፎ አደረገው። ጎረቤታቸው ሀጅራ፣ ቀጥሎ ያለው የጨርቅ ሱቅ ባለቤት፣ ይህን አይታ ልቧ አልቻለም፤ የብርድ ልብስ ቁርጥራጭ አመጣችና ካርቶኑ ውስጥ ጎዘጎዘች። አቶ ከፍያለው በማግስቱ አውጥተው መለሱላት።

«ጋሼ ከፍያለው፣ በእኛ ዘንድ ድመት ማሰቃየት ትልቅ ወንጀል ነው» አለች ሀጅራ ጨርቁን እየጨመቀች።

«ማን አሰቃያት? ነፃ ነው ያወጣኋት!»

«ታዲያ ነፃ የወጣች ድመት ምነው በር ትቧጭራለች?»

«ነፃነቱን ገና አልለመደችውም። አንቺ ደግሞ ጨርቅ እያመጣሽ የውጭ ድጋፍ አታስለምጂብኝ።»

«ያ አላህ! እንዳንቱ አይነት ነፃ አውጪ ሱቄ አጠገብ አይድረስ!»

እውነትም ሻሼ በሩን ትቧጭር ነበር። ሲመሽ መጥታ ከውጭ ትቧጭራለች፣ እማማ አትጠገብ ከውስጥ ያቃስታሉ። አንዷ ዝም ስትል ሌላዋ ትቀጥላለች። ሸዋአለም ለእናቷ በላስቲክ ጠርሙስ የሞቀ ውሃ አድርጋ እግራቸው ሥር ታስገባላቸዋለች፤ ጠርሙሱ ግን ይቀዘቅዛል፣ ድመት ደግሞ አይቀዘቅዝም። አቶ ከፍያለው ብርድ ልብሳቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ለውጥ ሲመጣ የሚሰማ ድምፅ ነው እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። በልባቸው ዲላ ናቸው፤ በሸሚዝ።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። የዲላዋ መኪና ዳገቱን እያቃሰተች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ከኮፈኗ ሙቀቱ እንደ ጭስ ይወጣል። አቶ ሠረቀብርሃን ወረዱ። ከዲላ ጠዋት በፀሐይ ስለተነሡ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው የለበሱት። ጉሙ ተቀበላቸው። ንግግራቸውን ደጅ ላይ ቆመው ለማድረግ አስበው ነበር፤ ከሁለተኛው ቃል በኋላ ጥርሳቸው እርስ በርሱ ሲንገጫገጭ ጊዜ፣ «ዝርዝሩን ወደ ውስጥ ገብተን እንየው» አሉ።

በሩ አጠገብ ግን ካርቶኑን አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድመታችን ራሷን ችላ የምትኖርበት ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ከፍያለው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «ቤት ውስጥ በሙቀት ጥገኛ ሆና ነበር። ገምግመን አወጣናት።»

«በዚህ ብርድ?»

ለአቶ ከፍያለው ዲላ በዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥላለች። «እኛ ቤት ብርድ የለም፣ ጌታዬ። ብርድ አመለካከት ነው።»

አቶ ሠረቀብርሃን ክንዳቸውን እያሻሹ ካርቶኑን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ድንቅ ነው! ይሄ መቀመር አለበት! በሁሉም ወረዳ መስፋት ያለበት ተሞክሮ ነው! … በሩን ዝጉልኝ እባካችሁ።»

ከሰል ተደርጎላቸው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። መንቀጥቀጣቸው አልቆም ሲል አቶ ከፍያለው ዙሪያውን ቃኝተው የእማማ አትጠገብን ብርድ ልብስ ከእግራቸው ላይ አንሥተው እንግዳውን አለበሷቸው። እማማ እግራቸውን ወደ ሆዳቸው ሰበሰቡና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። አቶ ሠረቀብርሃንም በአማትየው ብርድ ልብስ ተጀቡነው፣ ስለ ራስን መቻል ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡ። ዶሮ ወጡ መሐል ላይ «እስቲ ድመቷን አምጧትና ልያት» ቢሉ ካርቶኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

«ሥራ ላይ ናት» አሉ አቶ ከፍያለው ፈጥነው።

ሾፌሩ ሙሐሲን ደጅ ቆሞ የመኪናዋን ኮፈን በጨርቅ እየወለወለ ያጉረመርም ነበር፤ አንዳች ነገር በጭቃ እግሩ ወጥቶ ረግጦበታል።

አቶ ሠረቀብርሃን ሊሄዱ ሲሉ የአቶ ከፍያለውን እጅ ጨብጠው ያዙ። «ስለ ዲላው መጋዘን ነገር ስምህን ይዣለሁ። እኛ የምንፈልገው ብርድ የማይበግረውና አይጥን የሚታገል ነው።» መኪናዋ ቁልቁል ወረደች። አቶ ከፍያለው ያን ማታ አዲስ ሸሚዝ ተኮሱ።

ሻሼ አልተመለሰችም። ሸዋአለም ዝናብ ውስጥ በየእንሰቱ ሥር እየዞረች «ሻሼ! ሻሼ!» ስትል ዋለች። ሀጅራ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። እማማ አትጠገብ ከአማቻቸው ጋር መነጋገር ተዉ፤ እሳቸው ሲያልፉ ሲያገድሙ ግድግዳውን ያያሉ። አይጦችም ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ተመለሱ፤ በመጀመሪያ የሱቁን ፓስታ፣ ቀጥሎ የአዲሱን ሸሚዝ ኮሌታ ገመገሙ። አቶ ከፍያለው «የሽግግር ወቅት ነው» አሉ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ከዲላ ነበር። አቶ ከፍያለው ተነሡ፤ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ምሥራቹን ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው አነሡት።

«እንኳን ደስ አለህ!» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ጌታዬ፣ እኔ ቃል የምገባው…»

«ድመትህ እኛ ጋ ናት!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሻሼ በብርዱ ስትባዝን ከዳገት በመጣ ሞተር የጋለ መኪና አገኘች፤ ከሥር ሾልካ ኮፈኑ ውስጥ ገባች። ይርጋጨፌ ላይ ከፊት «ሚያው» ሲል ሙሐሲን «የሞተሩ ቺንጋ ነው የሚያለቅሰው» አለ፤ አለቃው ደግሞ ችግሩ ዲላ ሲደረስ እንዲታይ አቅጣጫ ሰጡ። ዲላ ግቢ ውስጥ ኮፈኑ ሲከፈት፣ በእግዜር ቸርነት ጢሟ እንኳ ሳይጎድል፣ ጥቀርሻ የመሰለች ድመት ዘላ ወረደች፤ በቀጥታ ክፍት ወደነበረው መጋዘን ገባች፤ ሻይ ሳይቀርብ አይጥ ይዛ ወጣች።

«ከዚያ ወዲህ አንድ ባነር አልተበላብንም» አሉ አለቃው። «መቼም አንተ ያሠለጠንካት ናት!»

«ጌታዬ፣ ታዲያ… የኃላፊው ቦታስ?»

«እሱማ ለምን ያስፈልጋል? ችግሩ አይጥ ነበር፤ ተፈታ። መዋቅሩን አጠፍነው።»

አቶ ከፍያለው ግድግዳውን ተደገፉ። ከዚያ ይህን ብቻ ጠየቁ፦ «ውጭ ነው… የምታድረው?»

«ምን ማለትህ ነው? ቢሮዬ ነዋ! ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፈንላታል። ዲላም እኮ ማታ ማታ ይበርዳል።» ቀጥለውም ድምፃቸውን አሳመሩ። «አንተ ግን እዚያው ሁን። ተሞክሮህን ለበላይ አቅርበነዋል። ብርድን ያሸነፈ ሰው ከገደብ ማንሣት ገደብን መበደል ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሁሉንም በሩ ላይ ቆማ የሰማችው ሀጅራ «አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ እንኳ ተዛወረች» ብላ ወደ ሱቋ ሄደች።

እማማ አትጠገብ መቁጠሪያቸውን ትራሳቸው ሥር አስገቡ። ከስንት ጊዜ በኋላ አማቻቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ከፍያለው ልጄ፣ ቁጭ በል። ግምገማ አለን።»

«እ… ምን አጀንዳ አለ፣ እማማ?»

«አጀንዳ አንድ፣ እግሬ።»

«አጀንዳ ሁለትስ?» አለች ሸዋአለም እየሳቀች።

«የለም።»

ውይይቱ አጭርና ፍሬያማ ነበር። በሻሼ ዝውውር ምክንያት በቤቱ አንድ ክፍት ቦታ መፈጠሩ፣ ቦታውም ሙቀት ያለው ሰው የሚጠይቅ መሆኑ ተብራራ። ሁለት ሹራብ፣ ካፖርትና ጋቢ ያለው ደግሞ በቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ከፍያለው በተጠባባቂነት ተመደቡ። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው፣ የአማታቸውን ሁለት እግሮች እቅፋቸው ውስጥ አድርገው፣ ጋቢያቸውን አለበሷቸው። ሸዋአለም ግለ ሂስ ካላቸው ዕድል ሰጠቻቸው።

አቶ ከፍያለው ግራና ቀኝ አዩ። ከኮርኒሱ በላይ አይጦቹ ይሯሯጣሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተሳታፊው ድክመታቸውን ያለ ማንገራገር መቀበላቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።