የመጪው ሰው ምንነትና አጠቃቀም

ትናንት እንቅልፍ እንደጣለኝ ዕቃዎች ለሥልጠና ተሰብስበው አየሁ። ርእሱ በትልቁ ተለጥፏል፦ «የመጪው ሰው ምንነትና አጠቃቀም»። እኔ እንግዲህ በቢሯችን ስለ «መጪው ቴክኖሎጂ» የማሠለጥን ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ስል ቃሉን አሳምሬ እጠራዋለሁ ማለቴ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። የተኛሁትም ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ፊት ትርጉሙን ካላስረዳሁ እንጀራዬ ሊዘጋ ነው ብዬ እየፈራሁ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ባጅ አንጠልጥለው የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ። ፕሮጀክተሩ ከኋላ ወንበር ያንኮራፋል። ለማሳያ መድረክ ላይ የተገተርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ከነላስቲኬ።

ሰብሳቢዋ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበረች።

«መጪው ሰው የሚባለው ይህ ነው» አለች። «ምን እንደሚሠራ ራሱ ይንገረን።»

«ስለሚመጣው ነገር እናገራለሁ» አልኩ።

«መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«አምናስ ምን ብለህ ነበር?»

«መንገድ ላይ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደስ አለኝ፤ ከተጨበጨበልኝ ምክንያቱን መጠየቅ ልማዴ አይደለም።

አንዲት ታብሌት እጇን አወጣች። «ላስቲኩን ገልጠን ብንሞክረውስ?»

«በስመ አብ!» ብላ ጮኸች ሰብሳቢዋ። «ይቆሽሻል! እኛንስ ከነላስቲካችን አይደል ያስቀመጡን?» ወዲያው ዳንቴል አለበሱኝ።

አንድ አሮጌ ፋክስ እያሳለ ከጥግ ተነሣ። «ልጄ፣ እኔም መጪው ተብዬ ነበር» አለኝ። «መጪ የሚሉህ እስክትሠራ ድረስ ነው። መሥራት ከጀመርክ ዝም ብለው ይጠቀሙብሃል፤ ስም የሚያወጣልህ የለም።»

ትርጉሙ ይኸው! ከስንት ዘመን በኋላ ገባኝ፤ በደስታ አለቀስኩ። «ልቀቁኝ! ጠዋት የምናገረውን አገኘሁ!» ብዬ ስጮህ ባለቤቴ ስመኝ ወዘወዘችኝ።

«ምን ያስጮህሃል አንተ አምኃ! ረፈደ እኮ፤ ሥልጠናው አልቋል። ኃላፊህ ደውለው ነበር።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። «ምን አሉ?»

«ስትጠፋባቸው በዚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሉት ንግግሩን አሠርተው፣ ራሱ አቀረበው አሉ። ከእንግዲህ አትቸገር ብለውሃል።»

«ትርጉሙንስ አስረዳ?»

«እሱንማ ጠየቅኳቸው» አለች ስመኝ። «አሳምሮ ተናገረ፣ የገባው ሰው ግን የለም፤ ቁርጥ አምኃን ነው አሉኝ።»