ለጸሎት የሰጠሁት ፓስዎርድ

ያዋረደኝ ሰው ይሁነኝ ይባላል፤ የሞጣ ልጅ ነው። ያዋረደኝም ቢቸና ያለው ቢሯችን ኮምፒውተር በገባለት በሁለተኛው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ኮምፒውተር አዋቂ ሲመጣባችሁ ጣቶቹን ተዉት፣ አፉን ጠብቁ!

ይሁነኝን የላኩት ከበላይ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው ሌባ ቢመጣ ኮምፒውተራችን ውስጥ በየት በኩል እንደሚገባ ሞክሮ ማየት ነበር። በደመወዝ መስረቅ ነው እንግዲህ!

እኔ አልሰጋሁም። የሠራተኛው ፋይል በእጄ ስለሆነ ፓስዎርዴን የክርስትና ስሜን አድርጌዋለሁ። ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። እናቴ «መተተኛ እጅ እንዳይገባ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ባሌ እንኳ ሳያውቀው ነው የሞተው!

አንድ ቀን ይሁነኝ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ።

«እትዬ ስንዱ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ያው ነው።»

«ነገ ለሱባዔ ዲማ ገዳም እሄዳለሁ። የክርስትና ስምዎን ቢሰጡኝ ለጸሎት አስይዝልዎ ነበር።»

ጉልበቴን የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ... ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጎንበስ በል ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት።

«ለሰው እንዳትናገር!»

«ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣኝ!»

ሱባዔው ለካ ስብሰባ አዳራሽ ኖሯል! በማግስቱ ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ኮምፒውተሬን አስመጣና ስሜን ጮክ ብሎ እየጠራ ጽፎ ከፈተው።

«የዚህ ቢሮ ደካማ በር እትዬ ስንዱ ናቸው» አለ።

ሳቁን ብትሰሙት! ለካ ሰውየው ቢሮውን እየዞረ የሁሉንም ጉልበትና ወገብ ሲጠይቅ ከርሟል፤ የተከፈትኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። የሒሳብ ክፍሉ ሰይድማ «እኔን ማን አጥምቆኝ!» ብሎ ነው ያባረረው። ከዚያ ወዲያ ዘበኛው ሳይቀር በክርስትና ስሜ ይጠራኝ ጀመር። ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ቢቸና የሰማው ይበቃል።

ይሁነኝ ሊሄድ ሲል «ፓስዎርድዎን ቶሎ ይቀይሩ» አለኝ።

እሺ አልኩ። በገበያ ቀን ሞጣ ሄድኩ። እናቱን ቤታቸው አገኘኋቸውና «ልጅዎ ውለታ ውሎልኛል፤ ለጸሎት ላስይዝለት፣ የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ» አልኳቸው። መርቀው ነገሩኝ። ቢቸና ተመልሼ ፓስዎርዴን በእሱ ስም ቀየርኩ። እንዳይረሳኝም በትልቁ ጽፌ ኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ለጠፍኩት።