ሁለት መቶ ገመድ

«ስልክህ ይዋሻል፤ ገመድ ግን አይዋሽም» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ፣ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ ከዶርዜ ተራራ ወርደው ሲቀላ ከተማ የሰፈሩ ሸማኔ። ከሸማኔ ጋር ስለ ልክ የሚከራከር ሰው ጊዜ የተረፈው ነው።

እንደኔ እንደኔ፣ ሰው የሚፈራው ርቀትን ሳይሆን የርቀትን ቁጥር ነው። «እዚህ ማዶ ነው» ሲሉን ቀኑን ሙሉ እንሄዳለን። ኪሎ ሜትሩን የነገሩን ዕለት ጉልበታችን ይከዳናል። እናንተስ ሚዛን ላይ ወጥታችሁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አታውቁም?

የጋሽ አንጁሎ ልጅ ምሕረት ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራ የላትም። እግር አላት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሩጫ ክለብ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ከሠላሳ ስድስት ደቂቃ በታች የገባችውን ልቀጥር ነው ብሏል፤ ፈተናው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር በፊት ልኩ አሥር ኪሎ ሜትር የሆነ መለማመጃ መንገድ አስፈለጋት። መለካቱም ለእኔ ተሰጠ፣ መነጽር ስላደረግሁ ይመስለኛል።

በስልክ ጀመርኩ። በግራ ኪሴ ያለው ስልክ አሥር ነጥብ ሦስት ሲል፣ በቀኝ ኪሴ ያለው ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አለ። ዛፎቹ ሰማዩን በጋረዱበት ቦታማ ጭራሽ ሐይቅ ላይ አስኬደኝ። ባጃጅ ተሳፈርን፤ ቆጣሪው ከቀድሞው ባለቤት ዘመን ጀምሮ ቆሟል። ብስክሌት ተዋስኩና ጎማው ላይ ቀይ ክር አስሬ ዙሩን ስቆጥር፣ ሰባት መቶ ምናምን ላይ አንድ ዝንጀሮ ከሙዙ መሃል ወጥቶ አፈጠጠብኝ። ቁጥሩም ልቤም ጠፉ።

በመጨረሻ ጋሽ አንጁሎ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ገመዱ። በቀትር ፀሐይ፣ ግቢ ውስጥ፣ በብረት ሜትር ለክተን ልክ ሃምሳ ሜትር ላይ ቋጠርነው። ሁለት መቶ ጊዜ ሲዘረጋ አሥር ኪሎ ሜትር። በማግሥቱ ማለዳ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በኩልፎ ወንዝ የመስኖ ቦይ ዳር ዘረጋነው። ሳሩ ጤዛ ነው፣ ቦዩ ሞልቷል፣ ገመዱ ጭቃ ለጭቃ ይጎተታል። ችካል ነቃዩ እኔ፣ ቆጣሪው እሳቸው። አንዳንድ ቁጥር ሁለቴ ሲጠሩ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለት መቶ ሲሉ ቆምንና አንድ ድንጋይ ኖራ ቀባን።

ምሕረት ሮጠች። ባለፈው ሳምንት ኖራው ድንጋይ ጋ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ደረሰች። የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶች ግቢ ድረስ መጥተው ዘመሩላት።

ትናንት ከሰዓት ዘነበ።

ገመዱ አሁን የልብስ ማስጫ ሆኗል። በደረቅ ቀን ስለሚላላ አንሶላዬ መሬት ይነካል። ትናንት ግን ዝናቡ ሲያባራ ብወጣ፣ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ፈትቼ በብረት ሜትር ለካሁት። አርባ ስምንት ተኩል። ደግሜ ለካሁት። አርባ ስምንት ተኩል።

ቃጫ ሲርስ ያጥራል። የለካነው ደግሞ በረጠበ ገመድ ነው። ስለዚህ የምሕረት አሥር ኪሎ ሜትር፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሰባት መቶ ሜትር ነው። የጎደለው ሦስት መቶ ሜትር ለእሷ ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው፤ የተረፋት አርባ ሰከንድ። ሒሳቡን ጨርሼ ገመዱን ጠቀለልኩት። በዚያ ቦይ ዳር የሚያልፍ ሁሉ አዞ ይፈራል። አዞ ቢያንስ ከውሃ ነው የሚወጣው፤ የእኔው ከልብስ ማስጫ ወጣ።

ለጋሽ አንጁሎ ነገርኳቸው። መወርወሪያቸውን አላቆሙም። ነገ ተጓዥ ናት፣ ዛሬ አትረብሻት፣ በሰላም ትሂድ አሉኝ፤ ሌላ የለም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኚህ ሰው ጋቢ ለሚገዛቸው ሁሉ «ሲታጠብ ውሃ ስለሚበላው አንድ ክንድ ጨምሬበታለሁ» ማለትን አርባ ዓመት ሙሉ አልረሱም። ታዲያ የገመዱን ነገር እንዴት ሳቱት? ወይስ አልሳቱትም? ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና መልሱን ፈራሁት። ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ዛሬ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘናት። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል፤ እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የመሮጫ ጫማዋን እንደ ሕፃን አቅፋለች። አንድ ሰው ገባ። አንድ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ፈርቼ ዝም ልል ወስኜ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው ሲመጣ ሳይ ይበልጥ ፈራሁና ተናገርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማስጫው፣ ስለ ሦስት መቶው ሜትር ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

ወደ እኔ አልዞረችም። ያየችው አባቷን ነው።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለሰው ጋቢ አንድ ክንድ ትጨምራለህ። ለእኔ መንገድስ?»

ጋሽ አንጁሎ አንድ እርምጃ ቀረቡ። በቦዩ ዳር ሁለቴ የጠሯቸው ቁጥሮች ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለቴ በተጠራ ቁጥር መንገዱ ላይ አንድ ገመድ ይጨመራል። አፋቸውን ከፈቱ።

በሩ ተዘጋ።