የማሳያ ክፍሏ ባሕታዊ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሲኒማ ቤት ፊልሙ ሲቀርበት፣ የተረፈው ክፍል ሁሉ ምን ይሁን ትላላችሁ? በኖርኩባቸው የሰው አገሮች ለዚህ ሊቃውንት አሉ። ትኬት መሸጫው ቤተ መጻሕፍት፣ ሰገነቱ የሥዕል አዳራሽ ይሁን እያሉ ወፋፍራም መጻሕፍት ይጽፋሉ። ብዙዎቹን አንብቤያቸዋለሁ። የእኛ ቀበሌ አንዱንም ሳያነብ ጨርሶት ነበር።

ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም መውጫው ግድም፣ ጣልያን ለወታደሮቹ መዝናኛ ያሠራው የድንጋይ አዳራሽ ነበር። ኋላ አንድ ነጋዴ ፊልም ያሳይበት ጀመር፤ ቄሶቹ እያወገዙ፣ የቄሶቹ ልጆች እየገቡ። ደርግ ሲመጣ ተወረሰ፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና ሁሉም ድርሻውን ቆረጠ። አዳራሹ ለስብሰባ ሆነ። ትኬት መሸጫዋ ስኳርና ሳሙና ማደያ ሆነች፤ ሰልፍ እንደሆነ ድሮም ለምዳዋለች። የፊልም ማሳያዋ ክፍል ግን አስቸገረች። ጠባብ ናት፤ የማሽኑ ሙቀት እንዲወጣ ወደ ውጭ ከተበሳች አንዲት ቀዳዳ በቀር መስኮት የላትም። ሕንፃው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ቀዳዳዋ በጓሮ በኩል ከመንገደኛ ጆሮ ትክክል ናት። እንዲህ ያለች ክፍል ለምን ትሆናለች?

ለእስር።

ወንድሜን ጌታሁንን እዚያ ከተቱት። አስተማሪ ነበር፤ ጥፋቱ ስብሰባ ላይ መሳቁ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አብሮት ፊደል የቆጠረ ሰው ነበርና እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እትዬ፣ ወሬው ይብረድ እንጂ የገና በዓል ሲያልፍ ራሴ እለቅልዎታለሁ። ብቻ ስሙ አይነሳ» አላት። ዝም አልን። ዝም ማለት የወንድሜ ነፍስ ዋጋ ነበር።

የላሊበላን ገና ታውቁታላችሁ፤ አገሩ ሁሉ በእግሩ ይመጣል። ከሩቅ የመጡ ምእመናን በጓሮው ሲያልፉ ከድንጋዩ ውስጥ የሰው ድምፅ ሰሙ። የእኛ አገር ሰው ድንጋይ ውስጥ ሰው አለ ከተባለ ማን አሰረው ብሎ አይጠይቅም፤ ይሳለማል። አንዲት አሮጊት ተንበርክካ ግድግዳውን ሳመችና «አባቴ፣ ይጸልዩልኝ» አለች።

«ኧረ እኔ አባት አይደለሁም» አለ ወንድሜ፤ «ኃጢአተኛ ነኝ። እናንተው ጸልዩልኝ።»

ቅዱስ ነኝ የሚል ባሕታዊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወዲያው ግድግዳው ሥር ጧፍ በራ፤ ቆሎና ዳቦ በቀዳዳዋ ይገባ ጀመር። እናቴ እኔን አስከትላ እየሮጠች ደርሳ ለመነቻቸው። ልጇ መሆኑን፣ መታሰሩን፣ ይህ ግርግር እንደሚያስጨርሰው ነገረቻቸው። አሮጊቷ ጉልበቷን ሳመቻት።

«ይሰውሩት እናቴ፣ ይሰውሩት» አለቻት። «የበቃ ልጅ የወለደች እንዲህ ነው የምትለው።»

ወንድሜ ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ሳቁን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ከአውራጃ የመጡ ጓዶችን እየመራ በዚያው መጣ። ጓዶቹ ሕዝብ በእስረኛ ፊት ተንበርክኮ አዩ። ሊቀመንበሩ መሬት መሬቱን አየ። በማግሥቱ ጌታሁንን በመኪና ወሰዱት። እናቴ ወዴት ብትል የነገራት የለም። አልተመለሰም።

ክፍሏ ባዶዋን አልከረመችም፤ የቀበሌውን ሽንኩርት አጎሩባት። በዓመቱ ምእመናን መጥተው ተሳለሙ፤ መልስ ቢያጡ «አርምሞ ገብተዋል» ተባባሉ። ሽንኩርቱን እየተሳለሙ እንባቸውን አፈሰሱ።

እናቴ ሳትሞት ሁሉንም ይቅር ብላለች። ሊቀመንበሩ ዛሬ መንኩሶ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ገብቷል፤ አምና አንድ ዘመዴ የሆነ ቄስ አማላጅ አድርጎ ላከብኝ። ቄሱ ዘመኑ ነው አለኝ፤ እሱም ፈርቶ ነው አለኝ፤ ምእመናኑማ ምን ያውቃሉ አለኝ። እንቢ ብለው ጊዜ፣ «እግዜር ይቅር ያለውን አልምርም የምትይ አንቺ ማን ነሽ?» አለ።

«እኅቱ» አልኩት።

ሊቀመንበሩን ይቅር አልልም። ጓዶቹንም አልልም። ያችን አሮጊትም፣ በሕይወት ብትኖር፣ አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።