የማንግ ሩፊኖ ሃያ ሰባት ድምፅ

የቪላ ሊዋይዋይ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የምርጫ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024
ቦታ፦ ካቪቴ፣ ፊሊፒንስ፣ የመንደሩ ቅርጫት ኳስ ሜዳ
በአካል የተገኙ፦ ሰር ክሪሳንቶ ባሉዮት (ሰብሳቢና ብቸኛ ዕጩ)፣ አሊንግ ፔሪታ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ኡማሊ፣ ሎርና (ጸሐፊ)
በውክልና የተገኙ፦ 27፣ ሁሉም በማንግ ሩፊኖ እጅ

ከ60 ቤት 31 ሲገኝ ምልአተ ጉባኤ ይሞላል። 32 ስለሆንን ለ8፡00 የተጠራው ስብሰባ 9፡10 ላይ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ውክልና ስለ ማጣራት

አብዛኛው ባለቤት መርከብ ላይ ወይም ዓረብ አገር ስለሚሠራ ውክልና መላኩ የታወቀ ነው። ዘንድሮ ግን ሁሉም የላኩት ለበር ጠባቂው ለማንግ ሩፊኖ ሆኖ ተገኘ። ሰብሳቢው ምክንያቱን ሲጠይቁ ማንግ ሩፊኖ «እኔ ምን አውቄ ሰር፤ ቁልፋቸው እኔ ጋ ነው፣ ውሻቸውን የማበላው እኔ ነኝ። ድምፃችንንም ጨምረህ ያዝልን አሉኝ» ብለዋል።

መርከብ ላይ ያለው የጸሐፊዋ ወንድምም ውክልናውን ለእህቱ ሳይሆን ለእሳቸው መስጠቱ ታወቀ። ለምን ብላ ብትጠይቅ «'ሎርና ሰር ክሪሳንቶ ፊት እምቢ ማለት አይሆንላትም' ብሎኝ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ ልጄ» ተብላለች። ተቀይማለች።

ሰብሳቢው ውክልናዎቹ ይሰረዙ አሉ። አሊንግ ፔሪታ «ከተሰረዙማ አምስት ቀረን፤ በአምስት ሰው ቢንጎ እንኳ አይደምቅም» ሲሉ ተቃወሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሃያ ሰባቱ ለቁጥር እንዲገኙ፣ ድምፅ ግን እንዳይሰጡ ተወሰነ። ማንግ ሩፊኖ «ታዲያ ሰር፣ ሰዎቹ መጥተዋል፣ አፋቸውን ግን ዶሃ ትተውት ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተመዝግቦ ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ ምርጫ

ሰር ክሪሳንቶ 4 ለ 1 ተመረጡ። ራሳቸውን የመረጡት አንገታቸውን ደፍተው ነው።

አጀንዳ 3፦ በራሱ የሚከፈት በር ስለ ማስገጠምና ጠባቂውን ስለ ማሰናበት

አሊንግ ፔሪታ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉ ሰው ወዴት ይሂዱ? ቤታቸው እኮ በሩ ላይ ያለችው ክፍል ናት» ብለው ተቆጡ። ሰብሳቢው ቁጣ በአጀንዳ እንዳልተያዘ አስታወሱ። ማንግ ሩፊኖ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ እንዲሰናበቱ 4 ለ 1 ተወሰነ። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች፤ ወንድሟ አልተሳሳተም።

ማንግ ሩፊኖ ፈቃድ የሌለው የውጭ ሰው ግቢ ውስጥ እንዳይቆይ ደንቡ እንደሚከለክል፣ ደንቡንም ሲያስከብሩ የኖሩት ራሳቸው መሆናቸውን ገለጹ። የበሩ መዝገብ ላይ የመውጫ ሰዓታቸውን ጽፈው፣ ውክልናዎቹ ያሉበትን ማህደር በብብታቸው ይዘው ወጡ። ሃያ ሰባት ቤት አብሯቸው ወጣ።

አጀንዳ 4፦ ቃለ ጉባኤውን ስለ ማጽደቅ

በደንቡ መሠረት ውሳኔ የሚጸናው ቃለ ጉባኤው በዕለቱ በምልአተ ጉባኤ ፊት ተነብቦ ሲጸድቅ ነው። ጸሐፊዋ ልታነብ ስትነሳ ያገኘችው አምስት ሰውና ለተሰብሳቢው የቀረበ ያልተነካ የፓንሲት ኑድል ነው። ሰብሳቢው «ሠላሳ ሁለት ብለሽ ጻፊው ሎርና፤ ማን ይቆጥራል» አሏት። ጸሐፊዋ 5 ብላ ጻፈች። «እምቢ ማለትሽ ነው?» ብለው ጠየቁ። እምቢ ማለቷ መሆኑን አረጋገጠች።

ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወሰነ። ይህንን ለመወሰንም ምልአተ ጉባኤ አለመኖሩ ተመዝግቧል። ስብሰባው 11፡05 ላይ ተበተነ።

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዋ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ላገኘቻቸው ለማንግ ሩፊኖ አለመሰናበታቸውን ነገረቻቸው። እሳቸውም የመግቢያ ሰዓታቸውን መዝገቡ ላይ ጽፈው ከገቡ በኋላ ከማህደሩ የወንድሟን ውክልና አውጥተው «ወንድምሽ 'እምቢ ያለች ቀን ይስጧት' ብሎኝ ነበር» አሏት። ተቀብላለች።