የጋሽ ክፍሉ ምርቃት

የሞተ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ እስኪዘራ የሚጠብቅ ሰው የሌለው የድሬዳዋ ሰፈር ካለ፣ እሱ ሰፈር አይባልም። ፋርሒያ ከባሏ ጋር የምትኖርበት ሰፈር ግን ደንበኛ ሰፈር ነው፤ ሊቀ ድንጋያት ጋሽ ክፍሉ አሉበት።

ጋሽ ክፍሉ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሰው በርበሬ በሚያሰጣበት ቆርቆሮ ላይ እሳቸው ድንጋይ ያሰጣሉ። አንዱን አንስቶ «ይሄ እኮ ሞቷል» ያለ ሰው ወዮለት። «ማነው ሞተ ያለህ?» ይሉታል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፤ ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። «ስማ፣ ድንጋይ ጎን ለጎን ካቆምከው ዕድሜ ነው የሚጨምርልህ። የአንዱን ቂጥ ከሌላው አናት ገጥመህ ካሰለፍከው ግን ጉልበቱ ይደመራል። አንድ ተኩል ቮልት፣ ሦስት፣ አራት ተኩል እያለ ይሄዳል።»

እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ችግሩ ዕድሜ ልካቸውን ቀፊራ ገበያ የገበዩ ሰው መሆናቸው ነው። ቀፊራ ቲማቲም ገዝቶ በላዩ አንድ ሁለት ፍሬ ምርቃት ሳያስጨምር የሚሄድ የለም፤ እሳቸውም ሒሳቡን አሳምረው ሲያበቁ አንዲት ድንጋይ ጣል ያደርጋሉ። «ይቺ ምርቃት ናት።»

በምርቃት ያለቀው ዕቃ ብዙ ነው። የፋርሒያ ባል የዮኒስ የእጅ ባትሪ ሁለት ድንጋይ ይበቃው ነበር፤ ሦስተኛዋ ስትጨመር አንዴ ቦግ አለና አምፖሉ እዚያው ተሰናበተ። የጎረቤታቸው የጥሩወርቅ ልጅ መጫወቻ መኪና ደግሞ ግቢውን በአንድ ትንፋሽ አቋርጣ ቦይ ገባች። ጋሽ ክፍሉ ሲወቀሱ፣ «ፍጥነቷን ግን አያችሁ?» አሉ። ፋርሒያ ያን ቀን ማለች። «አቦ፣ ጋሽ ክፍሉን እወዳቸዋለሁ፤ ዕቃዬን ግን ወላሂ አያገኙትም።»

ታዲያ ግንቦት ላይ መብራት ጠፋ። የድሬ የቀትር ሙቀት ግድግዳውን እንኳ የሚያልበው ነው። የፋርሒያ አራስ ልጅ ፊልሳን አንገቷ በሽፍታ ቀልቶ ጡት አልይዝ፣ አልተኛ አለች። ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ ቬንትሌተር ናት፤ እሷም በአሥራ ሁለት ቮልት የምትሠራ፣ የራሷ ባትሪ ግን አብጦ ከተጣለ የቆየ። ፋርሒያ መሐላዋን ዋጥ አድርጋ ጋሽ ክፍሉን አስጠራች።

የቀፊራ ነጋዴዎች የጣሏቸውን፣ እሳቸው ግን በትንሽዬ ሶላራቸው እየሞሉ ያዳኗቸውን ሦስት የዲጂታል ሚዛን ባትሪዎች በፌስታል ይዘው መጡ። «እያንዳንዳቸው ስድስት ቮልት ናቸው» አሉ። የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ አገናኙ፤ ስድስትና ስድስት፣ አሥራ ሁለት። ቬንትሌተሯ አቃሰተችና መዞር ጀመረች።

የፋርሒያ ዓይን ግን ያለው ጋሽ ክፍሉ ጭን ላይ በቀረው ሦስተኛ ባትሪ ላይ ነበር። እጃቸው ወደ እሱ ሲሄድ አየች። ይቺ ቬንትሌተር ከተቃጠለች ሌላ የለም። «ጋሼ፣ በአላህ…» ብላ ሳትጨርስ የፊልሳን የግንባር ፀጉር በነፋሱ ብን ብን አለ። ልጅቷ የእናቷን ጡት ያዘች፤ ጥቂት ጠባችና ዓይኗ ተከደነ።

ጋሽ ክፍሉ እጃቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ የተኛችውን ሕፃን አዩ።

«ይበቃታል» አሉ ቀስ ብለው፣ ሦስተኛውን ባትሪ ወደ ፌስታሉ እየመለሱ። ሰፈሩ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። ፋርሒያ እንባዋ ለምን እንደመጣ ራሷም አልገባትም፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

ፋርሒያ የአራስነት አርባ ቀኗ ሲወጣ ቀፊራ ወረደች። ሽንኩርት የሚሸጥላት አብዲራሺድ የሚዛኑን ባትሪ አውጥቶ ሊወረውር ሲል እጁን ያዘችው።

«ምን ያደርግልሻል? ሞቷል እኮ» አላት።

«ማነው ሞተ ያለህ?» አለችው ዘንቢሏን እየከፈተች። «ለሽንኩርቱ ምርቃት አድርገህ ጨምርልኝ።»