የዶልፊኑ አፍንጫ

ሐሊማ፣ ስልክ ስለማታነሺ ይኸው በድምፅ ላኩልሽ፤ እስከ መጨረሻው ስሚው። መቼም ሰው ሲያረጅ አንዳንዱን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አንዳንዱን ጭንቅላቱ። እኔን ጉልበቴ ነው። ጭንቅላቴ ንቅንቅ አላለም። እንኳን ሌላ፣ ክርስትና የተነሳሁ ዕለት ውሃው እንደቀዘቀዘኝ ትዝ ይለኛል!

ስለዚህ የቅዳሜውን እንደነበረ ልንገርሽ። ሲኤምሲ፣ እኛ ሳሎን፣ ሃያ ሰው ተቀምጧል። እሺ፣ ስድስት። የልጅ ልጄ ማህሌት የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችና "እማማ፣ ዶልፊን እንዴት ነው የሚተነፍሰው?" አለች። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅ! "እዚያው ውሃው ውስጥ ነዋ፣ እንደ ማንኛውም ዓሣ! ጻፊ!" አልኳት።

አንቺ አላስቻለሽም። "ኧረ ወላሂ ዓሣ አይደለም! አሰብ ሳለሁ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ብቅ ይልና እፍፍ ብሎ ተንፍሶ ይገባል። አፍንጫው አናቱ ላይ ነው።"

አናቱ ላይ!

"ታዲያ ሲዘንብ ጃንጥላ ይይዛል?" ብዬ ቤቱን በሳቅ አፈረስኩት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "አንቺ አሰብን ያየሽው ካላንደር ላይ ነው" አልኩሽ፤ ባልሽን ያገኘሽበትን፣ የበኩር ልጅሽን የወለድሽበትን አገር። ሻርፕሽን አንስተሽ ወጣሽ። ሳቁም አብሮሽ ወጣ።

ሰኞ ደብተሩ ተመለሰ። ትሪ የሚያክል ቀይ ኤክስ! ለካ ዶልፊን እንደኛው በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፤ ልጁንም ጡት ያጠባል። አፍንጫው አናቱ ላይ ሆኖ፣ ሲጠልቅ እንደ ጠርሙስ ክዳን ግጥም ይላል፤ እንኳን ዝናቡ፣ ባሕሩም አይገባበት። ማህሌት "እትዬ ሐሊማ ልክ ነበሩ" እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። የግቢው ጥበቃ እንኳ አሁን እኔን ሰላም ሲል አናቱን ይዳስሳል።

እሺ። አሰብን አይተሻል። አሰብ ኖረሻል። ነገ እነዚያኑ ስድስት ሰዎች ጠርቻለሁ፤ ፊታቸው እደግመዋለሁ። ግን አንቺ ከሌለሽ ለማን እላለሁ? ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን፣ አሁን ሌላ ሰፈር ቤት ገባሁ ብለሽ በአንድ ዓሣ ልትተዪኝ ነው? ዓሣ አይደለም፣ አውቃለሁ!

ማህሌት እንደነገረችኝ፣ ዶልፊን ቢጠልቅ ቢጠልቅ አስር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ መተንፈስ ግዱ ነው። አንቺ ግን ይኸው ስድስት ቀንሽ፣ ትንፍሽ አላልሽም። ኔትወርክ የለም እንዳትዪኝ፤ ትናንት ለልጄ ደውለሽ ስታወሪ ሰምቻለሁ። ዛሬ ማታ ደውዪልኝ። ዛሬ ማታ!